ቆጣሪው መምህር

መምህር እጅጉ ወልደ ዮሐንስን የሚፈልጉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ተማሪዎች፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ልጅ የሚድሩ ሰዎች። ለተማሪዎቹ ቡሬ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የታሪክ መምህር ነው። ልጅ ለሚድሩት ግን ዲግሪው ምናቸውም አይደለም፤ የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ልጅ መሆኑ ይበቃቸዋል።

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከሰባት ቤት ወዲህ የሚገናኙ ከሆነ ዘመዳሞች ናቸውና ጋብቻው አይሆንም። ቆጠራው በአባትም በእናትም በኩል ስለሆነ የአያትን ስም ማወቅ ብቻውን አያዋጣም። የማን እናት የማን ልጅ እንደነበረች፣ የትኛዋ ሴት ከማን ከማን እንደወለደች የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ከጅጋ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ። ከደምበጫ እስከ ቡሬ ያለውን ሰው በቃላቸው ይዘው ኖሩ። ልጃቸውን ይዘው ገበያ ሲወርዱ በየደረሱበት ደጅ «ይህ የማን ቤት ነው? ቁጠር» ይሉት ነበር። እጅጉ ማባዛት ሳይችል የሰው ዘር መቁጠር ቻለ። ሌላው አባት ለልጁ በሬና መሬት ያወርሳል፤ ለእጅጉ የአገሩ ሰው ቅድመ አያት ሁሉ ደረሰው።

የቆጣሪ ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። ሽማግሌዎች ፊት ይቀመጣል፣ ይቆጥራል፣ መጨረሻ ላይ «ይጋባሉ» ወይም «አይጋቡም» ይላል። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አይጨምርም። አለመጨመሩ ሕግ ነው፤ ምክንያቱም ቆጠራ ሁለት ነው። በሽማግሌ ፊት የሚነገር አለ፣ በቆጣሪው ሆድ የሚቀር አለ። መሬት በዘር በሚካፈልበት ዘመን ከአባይ ማዶ የመጣው፣ በገበያ የተገዛችው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሙስሊም ሆኖ ኖሮ ክርስትና የተነሣው ሁሉ ከቆጠራው እየወጣ፣ በምትኩ ከሩቅ አገር የመጣ ባላገር ይገባ ነበር። ይህ ሩቅ አገር ብዙ ጊዜ አቸፈር ነው። በቆጠራው ከሄድን ከዚህ አካባቢ ሰው እኩሌታው የመጣው ከአቸፈር ነው። እኔ አቸፈር ሄጄ አውቃለሁ፤ ያን ያህል ሰው ያወጣ አገር አይመስልም።

እውነተኛውን ቆጠራ ቆጣሪው የሚናገረው ለባለቤቱ ብቻ ነው፤ ያውም ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ከጠየቀ። ለሌላ ጆሮ አይወጣም። ሆድ ከሀገር ይሰፋል የተባለው ለቆጣሪ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ነው። ከእጅጉ ጋር በአንድ ስታፍ ስንቀመጥ ብዙ ዓመት ሆኖናል። ታሪክ የሚባለውን ትምህርት ድሮም አልወደውም፤ የአያትን ቁስል እየነካካ የልጅ ልጅን የሚያደማ ትምህርት ይመስለኛል። እሱ ግን የሚያስተምረው በሌላ መንገድ ነበር። ከነገሥታቱ ይልቅ ገበያውን ይወዳል። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አባይን ይስልና ጨው በዚህ ሄደ፣ ቡና በዚያ መጣ፣ ነጋዴው እዚህ አደረ፣ እዚህ አገባ እያለ ያስተምራል። አንድ ቀን በመስኮት በኩል ሳልፍ «የናንተ አያቶች ጨው ባያሻግሩ የማዶው ሰው ወጡን እንዲሁ ይበላው ነበር፤ የማዶው ሰው ባይገዛ ደግሞ የናንተ አያቶች ጨዋቸውን ልሰው ይሞቱ ነበር» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ማስተማር በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ነገር እንደገባው ነግሮኛል። «መጽሐፉም እንደ ቆጠራው የራሱ አቸፈር አለው» አለኝ። የማይመች ሰው ሲያጋጥም መጽሐፉም ወደ ሩቅ አገር ይሰደዋል ማለቱ ነው።

በየዓመቱ ከአንድ ድርጅት የተላኩ አሠልጣኞች «መቻቻል» የሚል ባነር ሰቅለው ይሰበስቡናል። የታሸገ ውኃ ያድሉናል፣ በቡድን ተወያዩ ይሉናል፣ አበል አስፈርመው ይሄዳሉ። ቃሉ ራሱ አይጥመኝም። የሚቻለው ሸክም ነው፣ ጎረቤት አይደለም። እጅጉ ግን ከኋላ ተቀምጦ የተባለውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ምኑን ነው የምትጽፈው ብዬ ብጠይቀው «ቆይቶ ይህም ታሪክ ነው» አለኝ። ሲቀልድ ይሁን የምሩን እስካሁን አላወቅሁም።

አሁን የማወራው ነገር የሆነው በክልላችን በጦርነቱ ትምህርት ቤቶች ከመዘጋታቸው በፊት በነበረው ዓመት፣ ኅዳር ላይ ነው።

ለሊሴ ቶለሳ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችን። አባቷ አቶ ቶለሳ ኦሮሞ ነው፤ በወጣትነቱ ከነቀምት በኩል በጭነት መኪና ረዳትነት መጥቶ ቡሬ ላይ የቀረ የወፍጮ መካኒክ። ለሊሴ የተወለደችው ቡሬ ነው፣ አማርኛዋ የቡሬ ነው፣ ትምህርቷም ከክፍሉ ደህናው ነው። አባቷ በጠገነው ወፍጮ የተፈጨ ሳይበላ ያደገ ልጅ በክፍሉ ውስጥ የለም።

በዚያ ሰሞን ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች አባይን እየተሻገሩ ወደ ቡሬ ይገቡ ነበር። ይርሳው የሚባል የለሊሴ የክፍል ጓደኛ አጎት ከሚስቱ ጋር እነ ይርሳው ቤት ገባ። ሁለት ልጆቹ አብረውት አልመጡም፣ ከዚያም በኋላ አልመጡም። ይርሳው አንደበቱ የቀና፣ ክፍሉ የሚሰማው ልጅ ነው። ሐዘኑ ውሸት አልነበረም። የሚያሳርፍበት ቦታ ሲያጣ ግን ለሊሴ ላይ አሳረፈው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሰልፍ ስንመለስ የለሊሴ ዴስክ በረንዳው ላይ ወጥቶ አገኘነው።

እኔ አስገባሁት፤ ዞር ስል አወጡት። ሌሎችም መምህራን አስገቡት፤ እንደዚያው ሆነ። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ጎመን በጤና የሚል ሰው ነው። አቶ ቶለሳን አስጠርቶ «ለልጅቱ ደኅንነት ስንል መልቀቂያዋን ዓርብ መጥተው ይውሰዱ፤ ፍኖተ ሰላም ዘመድ ካለዎት እዚያ ትማር» አለው። አቶ ቶለሳ ፍኖተ ሰላም ዘመድ የለውም። ለሊሴ ለብሔራዊ ፈተና የተመዘገበችው በእኛ ትምህርት ቤት ስለነበር መልቀቂያውን ከወሰደች ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። ይህን ዳይሬክተሩም፣ አባትየውም፣ ልጅቷም ያውቁታል።

ለሊሴ ቤት አልቀረችም። በረንዳው ላይ ዴስኳ ላይ ተቀምጣ በመስኮት በኩል እየሰማች ትጽፍ ነበር። እኔም የኒውተንን ሕግ ፊቴን ወደ መስኮት አድርጌ አስተማርኩ። ያሳፍራል፤ ያደረግሁት ግን ይኸው ነው።

ረቡዕ ዕለት ክበብ ገብተን ሻይ ስንጠጣ እጅጉ ብርጭቆውን እያየ «ያንን ልጅ አንድ ቃል ብነግረው ዴስኩን ራሱ ተሸክሞ ያስገባው ነበር» አለ።

ወዲያው ገባኝ። «የይርሳውን ቤት ታውቀዋለህ ማለት ነው።»

«የሰው ቤት አላወራም።»

«ታዲያ ንገረዋ! የልጅቱ ዓመት ሊጠፋ ነው፣ አንተ አፍህን ትዘጋለህ!»

እጅጉ ሲቆጡት አይቆጣም፤ ይህ ጠባዩ ያናድደኛል። «አባቴ ሊሞቱ ሲሉ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ?» አለኝ። «‹ይህ ቁጥር የተሰጠህ ሰው እንድታጋባበት ነው። ሰው የመታህበት ዕለት ዱላ ይሆንብሃል› ነው ያሉኝ።»

ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ነበር። የእጅጉ ልጅ አምለሰት ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የታጨችው ለይርሳው ታላቅ ወንድም ለናሁሰናይ ነው። አባታቸው አቶ ክንዱ የታወቀ እህል ነጋዴ ነው። ሠርጉ በጥር፣ ከጥምቀት ማግሥት እንዲሆን ተቆርጧል። የእጅጉ ባለቤት አቻምየለሽ ለሠርጉ ጠላ ጌሾውን ገዝታ አስጥታለች።

ሐሙስ ከሰዓት እጅጉ ቤቱ ገብቶ አቻምየለሽን አስቀመጣትና ሊያደርግ ያሰበውን ነገራት። የይርሳውን ቤት አይነካም፤ የራሱን ቤት ግን ክፍሉ ፊት ሊቆጥር ነው። እውነተኛውን ቆጠራ። እሷ ከነገረችኝ ነው የምጽፈው።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለችው። «ክንዱ ይህን ሰምቶ ልጁን የሚሰጠን ይመስልሃል?»

«ለሊሴም የሰው ልጅ ናት።»

«እኔ የማወራው ስላንተ ልጅ ነው።»

አምለሰት ከሥራ ስትመጣ ራሷን ጠየቃት፤ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናትና አለማማከር ነውር ነው አለ። እሺ ካላለች እንደሚተወውም ነገራት። አምለሰት ጫማዋን እያወለቀች ሰማችው። «አባዬ፣ ናሁሰናይ የሚያገባው እኔን ነው ወይስ አቸፈርን?» አለችና ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም።

ዓርብ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ታሪክ ነበር። እኔ ክፍት ስለነበርኩ በረንዳው ላይ ከለሊሴ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አቶ ቶለሳ ራቅ ብሎ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ደጅ አግዳሚው ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መልቀቂያውን ይጠብቃል።

እጅጉ ሰሌዳው ላይ ከታች ወደ ላይ አምስት ስም ጻፈ። ከታች የራሱን፣ ከላይ «ወለተ ሥላሴ» የሚል። ከዚህ ስም ጎን ረጅም ሰረዝ አሰመረና ባዶውን ተወው።

«ይህች ሴት በሽማግሌ ፊት ስትቆጠር የአቸፈር ባላገር ልጅ ናት» አለ። «አቸፈርን አይታው አታውቅም። ከአባይ ማዶ ልጅ ሳለች ተይዛ መጥታ እዚሁ ቡሬ ገበያ በአሞሌ ጨው የተሸጠች ኦሮሞ ናት። ጨው ወዲያ ሄደ እያልኩ ሳስተምራችሁ ወዲህ ምን እንደመጣ ሁሉንም አልነገርኳችሁም። የገዛት ሰው ልጅ አስወለዳት። ክርስትና ስትነሣ ወለተ ሥላሴ ተባለች። ከዚያ በፊት ማን ትባል እንደነበር የጠየቃት ስለሌለ ሰረዙ ባዶ ነው። ልጇ ዘሚካኤል ነው። ዘሚካኤል ወንዳወቅን ወለደ፣ ወንዳወቅ ወልደ ዮሐንስን ወለደ፣ ወልደ ዮሐንስ እኔን።»

በክፍሉ የገጠር ልጆች ብዙ ናቸውና የተባለው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ያውቃሉ። በእኛ አገር ሰው ሚስቴን ፈታሁ፣ ቤቴ ተዘረፈ ብሎ በአደባባይ ያወራል፤ ይህን ግን አያወራም።

ይርሳው ከመጨረሻው ረድፍ ተነሣ። «ቲቸር፣ ይህን ለምን ነገሩን?»

«ከማዶ የመጣ ሰው እዚህ ክፍል አይቀመጥም ስላላችሁ ነዋ። እንግዲያው እኔም ልውጣ።»

ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። መጥቶ የለሊሴ ዴስክ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። እሷ ደብተሯን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት።

መጀመሪያ የወጣችው የክፍሉ አለቃ ፍሬሕይወት ናት። «ቲቸር፣ ይግቡ» አለችው። «ከዴስኩ ጋር ነው የምገባው» አላት። ተመልሳ ሁለት ልጆች ይዛ መጣችና ዴስኩን አነሡት። ይርሳው አላገዘም፣ አልከለከለምም። ዴስኩ በበሩ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ለሊሴ ግን በሩ ላይ ቆመች። «ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ጠይቂ።»

«ወለተ ሥላሴ እውነትም ከአቸፈር የመጡ ቢሆኑ ኖሮ፣ እኔ በረንዳው ላይ ልቀር ነበር?»

እጅጉ «አስቤ እመልስልሻለሁ» አላት። እሷም ገብታ ቦታዋ ተቀመጠች። አቶ ቶለሳ የሆነውን ከሩቅ ሲያይ ቆይቶ ባርኔጣውን አደረገና መልቀቂያውን ሳይወስድ ወደ ወፍጮው ሄደ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአቶ ክንዱ ሽማግሌዎች እጅጉ ቤት መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ይህ ዓይነቱ ነገር በእኛ አገር በቀጥታ አይነገርም። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ አወሩ፣ ጠላውን አመሰገኑ። ኋላ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንደው መምህር፣ እርስዎ የሚያውቁት ነው፤ ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። ክንዱ ንቆ አይደለም። ልጆቹም ገና ልጆች ናቸው፤ ለጊዜው ቢቆዩ ምን ይመስልዎታል ነው ያለው።»

ልጆቹ ገና ልጆች አይደሉም፤ አምለሰት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እጅጉ ግን «ገብቶኛል አባቶቼ፤ ክንዱን ሰላም በሉልኝ» ብቻ አላቸው። ሽማግሌዎቹ እንዲህ በቀላሉ ያልቅልናል ብለው አልጠበቁም ነበርና እፎይ እያሉ ወጡ።

«የእነሱንስ አታውቅም?» አልኩት በሩ ሲዘጋ። «የክንዱን ቤት እኮ ታውቃለህ! አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለኝ። «ጠላህን ጠጣ።»

አምለሰት ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ዓይኗ ግን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዳበጠ ነበር። አቻምየለሽ ጌሾውን ለጎረቤት ሰጠችው። እጅጉ ከሳ። ለቆጠራ የሚጠሩት ሰዎችም ቀሩ፤ የራሱን ያወጣ ሰው የሰውንም ያወጣል ተብሎ ተወራ። ልቡ መሰበሩ ያስታውቅ ነበር፣ እሱም አልደበቀውም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ «ልጄን እኔው ሸጥኳት» አለኝ። ክፍል ውስጥ ግን ለሊሴ በቦታዋ አለች፤ ዴስኩንም የሚነካው የለም። እኔ ባየሁት ልክ በዚያ ዋጋ የገዛው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ይርሳው ብቻውን እጅጉ ቤት መጣ። ደጁ ላይ ቆሞ «ይቁጠሩኝ» አለው።

«ልታገባ ነው?»

«አይደለም። ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«ከሰማህ በኋላ አልሰማሁም ማለት የለም።»

«ይቁጠሩኝ።»

ባለቤቱ ራሱ ስለጠየቀ ሕጉ ይፈቅዳል። ከጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ቆጠረለት። የይርሳው አባት የአቶ ክንዱ ቅድመ አያት ከአባይ ማዶ የተሻገረ ኦሮሞ ነው። በሽማግሌ ፊት የሚቆጠረው፣ እንደሚጠበቀው፣ ከአቸፈር ነው። ይህን የነገረኝ እጅጉ አይደለም፤ ይርሳው ራሱ ነው፣ ጻፈውም ያለኝ እሱ ነው።

ይርሳው «አባቴ ያውቃል?» ሲል ጠየቀ።

«እናትህን ሊያገባ ሲል ጠይቆ አባቴ ነግረውታል።»

«ታዲያ እያወቀ ሽማግሌ ልኮ...»

«ንቆን አይደለም ልጄ። የራሱን ያወጣ ቆጣሪ የእኔንም ያወጣል ብሎ ፈርቶ ነው።»

ይርሳው ከዚያ ቤቱ ሄዶ አጎቱ አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ለማን እንደሚያዝን ግራ እንደገባው ነገረኝ። በልቶም አላደረ። ሌሊቱን ያሰበውን አላውቅም፤ ጠዋት ግን ለወንድሙ ነገረው።

ናሁሰናይ በማግሥቱ ከሰዓት ያለ ሽማግሌ፣ ብቻውን መጣ። ይህ በእኛ ዘንድ አይደረግም፤ መድፈሩ ራሱ የሚመሰገን ነው። አምለሰት የግቢው በር ላይ ተቀበለችው። እጅጉና አቻምየለሽ ከቤት ሆነው ይሰማሉ።

«ነገሩ ሁሉ አለቀ» አላት ፊቱ በርቶ። «እኛም ያው ነን! የአባቴ ቅድመ አያት ከማዶ ነው። እንግዲህ ምን ልዩነት አለን? ጥምቀት እኮ አላለፈም።»

«ይህን መቼ ሰማህ?» አለችው።

«ዛሬ ጠዋት።»

«ከዛሬ ጠዋት በፊትስ ለምን አልመጣህም?»

ናሁሰናይ መሬት መሬቱን አየ። ደግ ልጅ ነው፣ ውሸት አይችልም።

«ሂድ» አለችው፣ ሳትቆጣ። «ሌላ ምክንያት ስታገኝ ተመለስ።» በሩንም በቀስታ ዘጋችው። ገብታ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ አቻምየለሽ እንዳለችኝ እጅጉ «ሌላ ምክንያት» የሚለውን የልጁን ቃል እስኪመሽ ድረስ ለራሱ ይደጋግመው ነበር።

ሰኞ ጠዋት እኔ ልማድ ሆኖብኝ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። እጅጉ ወደ ክፍል ገባ፣ ጠመኔውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ለሊሴ፣ ለጥያቄሽ መልስ ቆይቶብኛል» አለ። «መልሱ አዎ ነው። ያን ዕለት ባስተማርኩት ብንሄድ፣ ወለተ ሥላሴ የአቸፈር ሰው ብትሆን ኖሮ አንቺ በረንዳው ላይ ትቀሪ ነበር። ስለዚህ ያስተማርኩት ስህተት ነበር። ቆጠራው እውነት ነው፣ ቦታው ግን አልነበረም። ዴስኩ መግባት የነበረበት እኔ ማንንም ሳልቆጥር ነው፤ ዴስኩ የአንቺ ነውና። ይህን ያስተማረችኝ ልጄ ናት፣ ትናንትና። አንቺ ቀድመሽ ብለሽኝ ነበር፤ አልገባኝም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ይርሳው ጎንበስ ብሎ ዴስኩን በጥፍሩ ይፍቃል። ሁሉም ለሊሴን ያያታል፤ ታለቅሳለች፣ ወይም ይቅር ብያለሁ ትላለች፣ ወይም ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ትናገራለች ብለን የጠበቅን ይመስለኛል። እኔም ጠብቄ ነበር።

ለሊሴ መጽሐፏን ገለጠች።

«እሺ ቲቸር» አለች። «ምዕራፍ አራትን አልጨረስንም፤ ፈተናው እየደረሰ ነው።»